ጂ ፕላስ ቱ

ሰው ፊት ሀብታም ነኝ። ሜሪላንድ ውስጥ በሠርግም በክርስትናም የሚያውቁኝ ይመስክሩ፤ ምግብ ቤት ሒሳብ ሲመጣ "በሞቴ!" እያልኩ የምታገለው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር ስለማሠራው ጂ ፕላስ ቱ ያልሰማም የለም። የልጆች ኮሌጅ ከተነሳ ደግሞ "እርዳታ ለተቸገረ ነው፤ እኛ እግዜር ይመስገን" እላለሁ። ባለቤቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ትረግጠኛለች።

ይህን ኩራት የሰበረው ችግር ቢሆን ባላፈርኩ። የሰበረው ቅናት ነው። ነዳጅ ማደያ ያለው አንድ የዕቁባችን ሰው ለልጁ ፋፍሳ መሙላቱን በሰማሁበት ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

ለካ ፋፍሳ የሚባለው ይህ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ በነፃ ነው የሚሞላው፤ "ገቢህ ከዚህ ካለፈ ዞር በል" የሚል ጣሪያም የለውም። ያለው ሰው ልጅ እንኳ ከሞላ በመጀመሪያ ዓመቱ እስከ 5,500 ዶላር በራሱ ስም መበደር ይችላል፤ ወለዱ ግን ገንዘቡ ከወጣ ጀምሮ ይቆጥራል። አንዳንድ ኮሌጆችም የራሳቸውን ስኮላርሺፕ ለመስጠት ይህንኑ ይጠይቃሉ። ሃርቫርድማ በ2025 ገቢው እስከ 200,000 ዶላር ከሆነ ቤተሰብ የትምህርት ክፍያ አልቀበልም ብሏል። 200,000 የሚያገኝ ሰው እኛ ጋ የዕድር ሊቀመንበር ይደረጋል!

መሙላት ጀመርኩ። የምንኖርበትን ቤት አይቆጥርም፤ የጡረታ ቁጠባዬንም አይነካም። ደስ አለኝ። ሌላ ቤት ካለህ ዕዳው ተቀንሶ ዛሬ ስንት ያወጣል ሲለኝ ጣቴ ቆመ። በቡና ወሬ ሁለተኛ ፎቅ የደረሰው ቤቴ እዚህ ጋ ወደ መሠረት ወረደ፤ ከዚያ ወደ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ወደ ወንድሜ ስም። የአዲስ አበባ አፍራሽ ግብረ ኃይል እንኳ እንዲህ አይፈጥንም።

"አባዬ፣ ሊፍት ሊገባለት ነው ብለህ አልነበር?" አለች ልጄ ከጀርባዬ። አያይዛም ሆን ብሎ ውሸት የሞላ ሰው እስከ 20,000 ዶላር መቀጫ ወይም እስር፣ ሲብስም ሁለቱም እንደሚጠብቀው አነበበችልኝ።

ቤቱን መልሼ ሠራሁት።

"ለልጄ በስሟ አስቀምጬላታለሁ" እያልኩ የምጎርርበት ገንዘብም ጉድ አፈላ። ቀመሩ በወላጅ ስም ካለ ቁጠባ ቢበዛ 5.64 ከመቶውን ለኮሌጅ ያስባል፤ በተማሪዋ ስም ካለው ግን 20 ከመቶውን። ጉራዬ በዶላር ሲተመን ያኔ ገና አየሁ።

ያለው ሰው ይሙላ ወይ ለሚለኝ፣ ይሙላ እላለሁ። ለዝቅተኛ ገቢ የሚሰጠው ፔል ግራንት በቀመር ስለሚሰላ እኔ በመሙላቴ የማንም ድርሻ አይጎድልም። ኮሌጁ ከራሱ ካዝና የሚሰጠው ግን ልክ አለው፤ ቤቱን አፍርሶ የሚያመለክት ሰው ከዚያ የሚወስደው የሌላ ልጅ ነው። ይህን ያወቅኩት ግን ልጄ ከያዘችኝ በኋላ ስለሆነ ጨዋነት ተብሎ አይያዝልኝ።

ውጤቱ መጣ፤ ከብድሯ በቀር አንድም ሳንቲም የለም። በሚቀጥለው ዕቁብ "መንግሥት ራሱ አስልቶ ባለሀብት ነህ አለኝ" ብዬ አወራሁ። ባለ ማደያው ጠጋ ብሎ "ስንት ሰጧችሁ?" አለኝ።

"ኧረ እኛ አልፈለግንም" አልኩት።