አስተያየት ይደረግልኝ

በአማርኛ የሰውን የሐሳብ አቅጣጫ የሚሰይሙት ቃላት አብዛኞቹ የተወለዱት ከዐይን ነው። «እይታ»፣ «አተያይ» እና «አስተያየት» «አየ» ከሚለው ግስ ሲወጡ፣ «አመለካከት» የ«ተመለከተ» ልጅ በመሆኑ ከ«ምልክት»ና ከ«ማመልከቻ» ጋር ይዛመዳል፤ የሥነ ጽሑፍ መምህራን አንድ ታሪክ በማን ዐይን እንደሚተረክ ለመግለጽ የሚጠሩት «አንጻር» ደግሞ፣ ማየትን ከሚያመለክተው የግእዙ «ነጸረ» ስለመጣ የ«መነጽር» የቅርብ ዘመድ ነው። ዝምድናው ግን ብዙም አልጠቀመውም፤ ቃሉ ቢሮ ከገባ ወዲህ «ከበጀት አንጻር»፣ «ከጊዜ አንጻር» እየተባለ ሥራው ያልተሠራበትን ምክንያት ሲያጅብ ይውላልና።

ከሁሉም ሥራ የበዛበት «አስተያየት» ነው። ቃሉ ጥንተ ነገሩ የአንድን ሰው የዐይን አጣጣል የሚገልጽ በመሆኑ፣ «አስተያየቱ አላማረኝም» የሚል ሰው ስለ ሐሳብ ሳይሆን ስለ ዐይን መናገሩ ነው። ስብሰባ ላይ ሲደርስ ግን ከጥያቄ የሚለይ ንግግር ማለት ይሆንና፣ እጁን ያወጣው ተሰብሳቢ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ ይጀምርና፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተናግሮ በጥያቄ ይደመድማል። ፍርድ ቤት ሲገባ ኮስተር ይላል፤ ጥፋተኛ የተባለው ሰው ምን ያህል ቅጣት እንደሚገባው ዐቃቤ ሕግም ተከሳሽም ከቅጣት ውሳኔው በፊት የሚያቀርቡት ሐሳብ «የቅጣት አስተያየት» ይባላልና። በየቢሮው ደጅ «አስተያየት ይደረግልኝ» የሚለው ባለጉዳይ ደግሞ የሚለምነው ሐሳብ እንዲሰጠው አይደለም፤ ደንቡን አጥርቶ የሚያየው ዐይን በእሱ ላይ ሲደርስ ጥቂት ጨፈን እንዲል ነው።

«አቋም» ከዐይን ሳይሆን ከእግር፣ ማለትም ከ«ቆመ» የወጣ ነው። የስፖርት ጋዜጠኞች «ወቅታዊ አቋሙ ጥሩ ነው» ሲሉ የተጫዋቹን ብቃት ማለታቸው ሲሆን፣ በስብሰባ ማብቂያ የሚነበበው «የአቋም መግለጫ» ግን አንዳንዴ ተሰብሳቢው ገና ሳይቀመጥ የቆመ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በማእከላዊው ሠራዊት ውስጥ ለሚያገለግል ወታደር መጠሪያ የነበረው «መሀል ሰፋሪ»ም ዛሬ አቋም ለሌለው ሰው የሚወረወር ስድብ ሆኗል።

«አመለካከት» ብቻውን ሲሆን ጉዳት የለውም፤ «ችግር» የተከተለው እንደሆነ ግን፣ በግምገማ መድረክ «የአመለካከት ችግር አለበት» የተባለው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ አለቃው ወደሚያይበት አላይ ያለ ሰው ነው። ይህ ሠራተኛ ቅሬታውን ማመልከቻ አድርጎ ቢጽፍ የሚያነበው ያው አለቃ ነውና፣ የሚቀረው በመግቢያው በር አጠገብ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ነው። የሣጥኑም ቁልፍ የሚቀመጠው በአለቃው መሳቢያ ውስጥ ነው።