ሊጉ ሳይጀመር ዋንጫ ለሚሰጡ ወገኖች የቀረበ ምክር

በአቡ ዳቢው ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በዓመት ሁለት ጊዜ ትንቢት የመናገር ግዴታ አለበት። አንዱ በነሐሴ ነው፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሊጀመር ሲል፤ ሌላው መስቀል ካለፈ በኋላ፣ የእኛው ፕሪሚየር ሊግ ሲቃረብ። ግዴታውን በወረቀት የጣለ የለም። ነገር ግን በዚህ ወቅት አፉን የዘጋ ሰው «ኳስ አይገባውም» ይባላል፤ ቤድ ስፔስ ተከራይቶ ከአምስት ስድስት ሰው ጋር በአንድ ክፍል ለሚያድር ደግሞ ይህ ኪራይ ካለመክፈል የባሰ ስም ነው። ኪራይ ያልከፈለ ሰው ቢያንስ ስለ ተከላካይ መስመሩ አስተያየት እንዲሰጥ ይፈቀድለታል። ስለዚህ መተንበይዎ አይቀርም፤ ካልቀረ በወጉ ይተንብዩ።

መጀመሪያ ሰዓት ይምረጡ። የኤምሬትስ ሕግ ሳያውቀው ለተንባይ አዝኗል፤ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት ክልክል ነው። ሙሰፋህ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ማለት በሙቀቱ ልክ ድፍረት የሚጨምርበት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሙቀቱ 38 ላይ ሳለ «አርሰናል ከአራቱ አይወጣም» ሲል የነበረ ሰው፣ 45 ሲደርስ በአሥር ነጥብ ልዩነት ዋንጫ ያስነሳዋል። ማታ ግን አደራዎን አይተንብዩ። ማታ ሰው ገላውን ታጥቦ፣ ሻዩን ይዞ፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ስለሚቀመጥ ያሉትን ሁሉ ያስታውሳል። ድምፅ የሚቀዳም አይጠፋም።

ከሁሉም በላይ ግን የሚጽፍ ሰው ይፍሩ። ቪላ ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን አለች፤ ከጓደኞቿ ጋር ለእረፍት ቀን ብለው በጋራ የተከራዩት ክፍል ውስጥ የልብስ ሳሙና ካርቶን ቀድዳ፣ ጀርባው ላይ የሁሉንም ትንበያ ከነቀኑ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች። መስከረም ላይ ቡና ስታፈላ ምንም አትናገርም። ግንቦት ላይ ሲኒውን እያቀበለች «ወንድሜ፣ ኢትዮጵያ ቡና ዋንጫ ካልበላ ስሜን እቀይራለሁ ብለህ ነበር፤ አሁን ማን ብዬ ልጥራህ?» ትላለች። የዚህ ዓይነት ሰው ባለበት ቤት «ይመስለኛል» የምትለውን ቃል ሳያስከትሉ አፍዎን አይክፈቱ።

ስለ እንግሊዝ ሊግ ብዙ አልደክምም፤ እዚያ ሁሉም ሊቅ ነው። ለዚህ አካባቢ ብቻ የሚሆን አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ማንቸስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የአቡ ዳቢው የሼህ መንሱር ነው፤ አርሰናል ማሊያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ያለው ደግሞ የዱባዩ አየር መንገድ ስም ነው። መድፈኛም ይሁኑ ውሃ ሰማያዊ፣ የሚሟገቱት ከባለቤቱና ከስፖንሰሩ መሀል ተቀምጠው ነው ማለት ነው። አሠሪዎ የማን ደጋፊ እንደሆኑ ሳያጣሩ «በገንዘብ የተሠራ ቡድን» የሚለውን ንግግር አይጀምሩ፤ ቢያንስ ደመወዝ እስኪገባ ይታገሡ። የአርሰናል ደጋፊ ከሆኑ ቁጥሩ ሁለተኛ ብለው እንዲተነብዩ ይመክርዎታል፤ እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ ሁለተኛ ነው የጨረሰው። ሁለተኛ ብሎ የተነበየ ሰው ግን ልክ ቢሆንም እንኳ ሻይ የሚጋብዘው አላየሁም። «ዘንድሮ የእኛ ነው» ብሎ የተሳሳተ ግን ተስቆበትም ቢሆን ይጋበዛል። የዩናይትድ ደጋፊን አይምከሩ፤ ያጽናኑ።

ቁም ነገሩ ያለው የእኛው ሊግ ላይ ነው፤ እዚህ የተንባይ ወንድነት ይለያል።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ በዋንጫ ብዛት ማንም የማይደርስበት ክለብ ነው። ስለዚህ «ጊዮርጊስ» ብሎ ዝም ማለት ለሰነፍ ተንባይ የተፈቀደ መልስ ነው፤ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ሰው አላፈረም። ትንሽ ለሚተጋ ግን ከ2010 እስከ 2017 ዓ.ም. ዋንጫ ያነሱትን ልቁጠርለት፤ ጅማ አባ ጅፋር፣ መቐለ 70 እንደርታ፣ ፋሲል ከነማ፣ ጊዮርጊስ ሁለቴ፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮጵያ መድን። የ2012ቱን ኮሮና በላው። ከእነዚህ ውስጥ አባ ጅፋርና ንግድ ባንክ ዋንጫውን ያነሱት ከታችኛው ሊግ ባደጉበት በዚያው ዓመት ነው። እንግዲህ ገና የመጣ እንግዳ የቤቱን አልጋ የሚወርስበት ሊግ ላይ «ልምድ ያለው ቡድን ነው የሚበላው» ብሎ መከራከር ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ይፍረዱ። አሁን ከሻቢያ ሰፈር እስከ ባኒያስ ዞረው ቢጠይቁ ያኔ «ጅማ ይበላል» ያላለ ኢትዮጵያዊ አያገኙም። ሁሉም ብሎ ነበር። የጻፈው ብቻ የለም።

አባ ጅፋር ዋንጫ ካነሳ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን የነበረው ደደቢትም በ2011 ወርዷል። ስለዚህ ወራጅ ሲተነብዩ የድሮ ሻምፒዮኖችን ዝርዝር ከፊትዎ ያኑሩ፤ ከወረዱ ነቢይ ነዎት፣ ካልወረዱ ደግሞ ማንም አያስታውስዎትም።

አሁን ዋናውን ምስጢር ልንገርዎ፤ ለሰው እንዳያወሩ። ክለብ አይተንብዩ፣ አሰልጣኝ ይተንብዩ። አባ ጅፋርን በ2010 ሻምፒዮን ያደረጉት ገብረመድህን ኃይሌ ናቸው። በዓመቱ መቐለን ሻምፒዮን ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። በ2017 መድንን ያነገሡትም እንዲሁ። ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዋንጫ፣ አንድ ሰው። ሌላው ተንባይ ስለ አማካይ ክፍልና ስለ ዝውውር ሲጨቃጨቅ እርስዎ ፈንጠር ብለው ተቀምጠው «ጋሽ ገብሬ ዘንድሮ የት ናቸው?» ብለው ብቻ ይጠይቁ። ቤቱ ጸጥ ይላል። ያቺ የካርቶኗ እህታችን ይህን መንገድ ከእኔ በፊት ሳታውቀው አልቀረችም፤ ዝርዝሯ ላይ ከክለብ ስም አጠገብ የአሰልጣኝ ስም አይቻለሁ።

አጥቂ አይተው እንዳይታለሉ ደግሞ የ2013ን ያስቡ። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በዚያ ዓመት 29 ግብ አግብቶ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ፤ በኋላም ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ዋንጫውን ግን በሥዩም ከበደ የሚመሩት አፄዎቹ፣ ፋሲል ከነማዎች፣ ጎንደር ወሰዱት። ቡና በፕሪሚየር ሊግ ታሪኩ ዋንጫ ያነሳው በ2003 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቡና ደጋፊ ይህን ሲሰማ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ለዋንጫ አይደለም የምንደግፈው»። ይህ አባባል በየትኛውም ሊግ ያልተሸነፈ መከላከያ ስለሆነ አይግጠሙት።

አንዳንዱ ደግሞ «ፋሲልን ጎንደር ላይ ማን ይነካዋል!» «ሐዋሳ በሜዳው አይቀመስም!» እያለ በሜዳ ይተነብያል። እንዲህ ያለው ሰው አገር ቤትን ከለቀቀ ቆየት ያለ መሆን አለበት። ሱፐርስፖርት ሊጉን ማስተላለፍ ከጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ለዓመታት ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ተሰብስቦ ነው የተካሄደው፤ አንዴ ጅማ፣ አንዴ ባሕር ዳር፣ ሌላ ጊዜ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ወይም አዳማ። ሁሉም እንግዳ ነው፤ ሁሉም ሆቴል ነው የሚያድረው። የጎንደሩ ክለብ ከወላይታው ክለብ ጋር ድሬዳዋ ሙቀት ላይ ሲገናኝ የማን ሜዳ ነው? ስለዚህ ተንባዩ ማወቅ ያለበት የትኛው ቡድን ከደጋ መጥቶ ቆላ ላይ ስንት ሳምንት እንደሚቀመጥ ነው። የዚህን ያህል ጠልቀው ሲናገሩ እዚህ ማንም አይመልስልዎትም፤ ምክንያቱም ጨዋታውን ያየ ሰው የለም። አቡ ዳቢ ውስጥ ሊጉ የሚታወቀው በቴሌግራም በሚመጣ ውጤት ነው፤ አንድ ለዜሮ፣ ደቂቃ 88፣ አለቀ። ግቡ በጭንቅላት ይሁን በፍፁም ቅጣት ምት እርስዎ ናቸው የሚወስኑት። ለተንባይ ከዚህ የተሻለ አገር የለም።

ሁሉም ትንበያዎ ከከሸፈ አል አይንን ይጥቀሱ። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ክለቦች ዋንጫ ላይ እንደ አስተናጋጅ የገባው አል አይን በመጀመሪያ ጨዋታው በኒውዚላንዱ ቲም ዌሊንግተን 3 ለ 0 ይመራ ነበር። ሦስቱንም መልሶ በመለያ ምት አለፈ። ቀጥሎ የቱኒዚያውን ኤስፔራንስን 3 ለ 0፣ ከዚያም ሪቨር ፕሌትን በመለያ ምት አሸንፎ ለፍጻሜ ደረሰ፤ የቆመው እዚሁ አቡ ዳቢ ላይ በሪያል ማድሪድ 4 ለ 1 ተሸንፎ ነው። ይህንን ታሪክ በዝርዝር ሲተርኩ ሰው የእርስዎን የመስከረም ስህተት ረስቶ ስለ ቲም ዌሊንግተን መጠየቅ ይጀምራል። ይሞክሩት።

ገንዘብ አያስይዙ። አገር ቤት ቤቲንግ ለምደው ይሆናል፤ እዚህ ግን ፈቃድ የሌለው ቁማር በሕግ ያስጠይቃል፣ ቪዛም ያስቃጥላል። የእኛ ሰፈር ውርርድ በምሳ ነው፤ የተሸነፈ ለሁሉም ክትፎ ይጋብዛል። «ለሁሉም» የሚለው ስንት ሰው እንደሆነ ከውድድሩ በፊት ይስማሙ፤ በግንቦት ክፍሉ ውስጥ የሚገኘው ሰው በመስከረም ከነበረው ሁልጊዜ ይበልጣል።

እንግዲህ የእኔን የዘንድሮ ትንበያ መጠየቅዎ አይቀርም። ዋንጫ፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ካልሆነም ሌላ ቡድን። ኮከብ ግብ አግቢ፦ የማይጎዳው። ያልተጠበቀው ቡድን፦ ካደጉት አንዱ፣ ስሙን በሚያዝያ አሳውቃለሁ። ወራጆቹን ግን በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ አንድም ጥርጥር የለኝም። አልናገርም እንጂ። የአንደኛው ደጋፊ ከአልጋዬ በላይ ነው የሚተኛው፤ የሁለተኛው ደጋፊ ደግሞ የዚህ ሳምንት ወጥ ሠሪያችን ነው።