የማይገፋው ጡብ፦ በሌጎ ስለሚገነባ የድንጋይ ቅስት አጭር ጥናት

ቅስት በሥነ ሕንፃ አነጋገር፣ ለየብቻቸው ቢተዉ ወዲያው የሚወድቁ ድንጋዮች እርስ በርስ እየተገፋፉ ሳይወድቁ የሚኖሩበት የግንባታ ዓይነት ሲሆን፣ በሥራ መውጫ ሰዓት በአንበሳ አውቶቡስ ውስጥ መያዣ ሳያገኝ በጎረቤቶቹ ግፊት ብቻ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ተሳፋሪ የሕጉን ምንነት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ድንጋዮቹ ከውስጥ ጠበብ፣ ከውጭ ሰፋ ብለው ስለሚጠረቡ ሽብልቅ ይባላሉ፤ አናቱ ላይ የሚገባው የመጨረሻው ሽብልቅ ቁልፍ ድንጋይ ነው፤ ወደ ጎን የሚሄደውን ግፊት ተቀብለው ወደ መሬት የሚያወርዱት የግራና የቀኝ ግንቦች ደግሞ ተሸካሚዎች ይባላሉ። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1675 እንዳመለከተው፣ በሁለት ጫፉ የተንጠለጠለ ሰንሰለት የሚይዘው ቅርጽ ቢገለበጥ የሚጸና ቅስት ይሆናል፤ ሰንሰለቱ በመሳሳብ እንደሚኖር ሁሉ ቅስቱ በመገፋፋት ይኖራልና።

የዚህ ጥናት ሁለተኛ ባለጉዳይ ሌጎ የተባለው የመጫወቻ ጡብ ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የተባለ ዴንማርካዊ አናጢ በመሠረተው ድርጅት የሚመረተው ይህ ጡብ፣ የዛሬው ቅርጹ የፈጠራ መብት የተጠየቀበት እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ ከላዩ ክብ ጉጦች፣ ከሆዱ ደግሞ የሌላውን ጡብ ጉጦች ጨምቀው የሚይዙ ቱቦዎች አሉት። ከአንዱ ጉጥ መካከል እስከ ቀጣዩ መካከል 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጡቡ ቁመት ያለ ጉጡ 9.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ስስ ጡብ የሚባለው ታናሽ ወንድሙ 3.2 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር ሦስቱ ተደራርበው አንድ ሙሉ ጡብ ያክላሉ። ይህ ሥርዓት ለቀጥታ ግድግዳ እንከን የማይወጣለት ቢሆንም ከቅስት ሕግ አንጻር ግን ከባድ የጠባይ ጉድለት አለበት፤ ምክንያቱም ድንጋይ ጎረቤቱን ሲገፋ ሌጎ ጎረቤቱን አንቆ ይይዛል። በሌጎ የተሠራ ቅስት ተገልብጦ ቢያዝ እንኳ አይበተንም፤ ይህም በፈረንሳይ የሚገኘው የሮማውያን ድልድይ ፖን ዱ ጋር ሊመካበት የማይችል ችሎታ ነው።

እውነተኛ የሚመስል ቅስት የሚሻው ግንበኛ በአብዛኛው ለአካለ መጠን የደረሰ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው፣ 9,036 ቁርጥራጮች ያሉት የሮም ኮሎሲየም ሞዴል ሣጥን ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ መሆኑን በግልጽ ያመለክታል፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሣጥን ወደ ቤት ሲገባ «ለልጁ ነው» የሚል ማብራሪያ አብሮት ይገባል፤ በቤቱ ልጅ ከሌለም ማብራሪያው ለእኅት ልጅ ይተላለፋል።

በመስኩ የሚታወቁት ስልቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ከፋብሪካ ጎብጦ የወጣውን አንድ ወጥ ቁራጭ በሁለት ምሰሶዎች ላይ መጫን ነው። ይህ ቁራጭ መልኩ የቅስት ቢሆንም መጋጠሚያ ስለሌለው ሥራው የጉበን፣ ማለትም በበር አናት ላይ ተጋድሞ የሚውል አግዳሚ ነው፤ በመሆኑም ጥብቅ ግንበኞች እንደ ነውር ይቆጥሩታል። ሆኖም በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚታዩት ቅስቶችም ከአለቱ ጋር አንድ አካል ሆነው የተፈለፈሉ በመሆናቸው ሽብልቅም ቁልፍ ድንጋይም ስለማያሻቸው፣ ስልቱ ጥንታዊና ክቡር አስረጂ አላጣም፤ ልዩነቱ በላሊበላ ቅስቱ የተገኘው አለቱን በመቀነስ ሲሆን፣ በሌጎ የሚገኘው ሒሳቡን በመጨመር መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ስልት እያንዳንዱን ረድፍ ከበታቹ ካለው ጥቂት ወደ ውስጥ እያስገቡ ሁለቱ ወገኖች እስኪገናኙ መደርደር ሲሆን፣ ሐሰተኛ ቅስት ይባላል፤ በግሪክ አገር በሚኪኔ የሚገኘው፣ የአትሬዎስ ግምጃ ቤት የሚባለው መቃብር ጣሪያ የቆመው በዚሁ ዘዴ ነው። በሌጎ ግን እያንዳንዱ እርምጃ በጉጥ ወይም በግማሽ ጉጥ የሚለካ ስለሆነ፣ ውጤቱ ከቅስት ይልቅ ከሁለት አቅጣጫ ተወጥቶ መሃል ላይ የሚያልቅ ደረጃ ይመስላል።

የጥናቱ ዋና ትኩረት የሆነው ሦስተኛው ስልት ጡቦቹን እንደ ሽብልቅ በግማሽ ክብ ዙሪያ ማሰለፍ ነው። ቁልፍ ድንጋዩ መሃል ላይ እንዲውል የድንጋዮቹ ቁጥር ጎዶሎ መሆን ስላለበት 15 ጡቦች ቢመረጡ፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በ12 ዲግሪ ዘንበል ይላል፤ የእያንዳንዱ ውስጠኛ ፊት 9.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደግሞ የቅስቱ አፍ 92 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ይህ ከ11 ጉጥ የሚበልጥ፣ 12 ጉጥ ግን የማይሞላ ስፋት ነው። የቅስቱ ሁለት እግሮች እኩል ከጉጥ ጋር ሊገጥሙ ስለማይችሉ ጉጥ በሌላቸው ልሙጥ ቁርጥራጮች ላይ ሳይጣበቁ እንዲቀመጡ ይገደዳሉ፤ እውነተኛ ድንጋይ ተሸካሚው ላይ የሚያርፈውም እንዲሁ ስለሆነ፣ ግንበኛው ባልታሰበ መንገድ ወደ እውነት አንድ እርምጃ ይጠጋል።

መከራው የሚጀምረው ከውጭ በኩል ነው። ጡቦቹ ባለ ቀጥ ማዕዘን በመሆናቸው ከውስጥ ተነካክተው ከውጭ ይለያያሉ፤ ጥልቀታቸው 16 ሚሊ ሜትር ከሆነም በየመጋጠሚያው 3.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን ክፍተት ይከፈታል። ክፍተቱ ከስሱ ጡብ ውፍረት በ0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ መብለጡ ለፈተና ይጋብዛል፤ ነገር ግን ክፍተቱ ወደ ውስጥ እየሾጠጠ የሚሄድ፣ ስሱ ጡብ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁለቱ አይስማሙም። ባልተጠረበ ጡብ ቅስት የሚሠራ እውነተኛ ግንበኛ ይህንኑ ክፍተት የሚሞላው ከውጭ ወፍሮ ከውስጥ በሚሳሳ ኖራ ነው። እንግዲህ ክፍተቱን መድፈን ያቃተው የሌጎ ግንበኛ «ኖራው ነው» ብሎ የማወጅ ሙሉ መብት አለው፤ በጢስ ዓባይ አጠገብ በ17ኛው መቶ ዘመን ከተሠራው ከአላታ ድልድይ የሚለየው፣ የአላታው ኖራ ኖራ በመሆኑ ብቻ ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ ወንድማማቾቹ ኦቶና ጉስታቭ ሊሊየንታል ከአሸዋ፣ ከጠመኔና ከተልባ ዘይት ያስገኙት፣ በኋላም በጀርመን ሩዶልሽታት ከተማ በሪሽተር ፋብሪካ ሲመረት የኖረው አንከር የተባለው የመጫወቻ ድንጋይ ጉጥም ቱቦም የለውም፤ በክብደቱ ብቻ ይቆማል፣ የሸሚዝ እጅጌ ሲነካውም ይፈርሳል። ከሁለቱ ፈጣሪዎች አንዱ ኦቶ፣ ሞተር አልባ በራሪ በመሥራት ዝነኛ ለመሆን መብቃቱ፣ ስለ መውደቅ የነበረው ግንዛቤ ከድንጋዩ እንደማያንስ ያሳያል። የሌጎ ግንበኛ ዕዳ በተቃራኒው ነው፤ የሚወድቅ እንዲቆም መድከም ሳይሆን፣ የማይወድቀው ሊወድቅ የሚችል እንዲመስል መድከም ይጠበቅበታል። ለዚህም የሚያያይዙትን ቁርጥራጮች ከቅስቱ ጀርባ ይሰውራል፤ ምንም የሚሸከሙት ግፊት የሌላቸውን ምሰሶዎች ያወፍራል፤ ምንም የማይቆልፈውን ቁልፍ ድንጋይ መጨረሻ ላይ በሥነ ሥርዓት ያስገባል።

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ አንድ የማረጋገጫ ፈተና ብቻ ይተዋል፤ እርሱም ቁልፍ ድንጋዩን መንቀል ነው። ተነቅሎ ሳለ ቀሪው ከቆመ ጡቦቹ ተያይዘው ኖረዋልና ቅስት አልነበረም፤ ከፈረሰ ደግሞ ቅስት ለመሆኑ ጥርጥር የለም፣ ግን አሁን የለም። ስለዚህ እውነተኛነቱ በፈተና የተረጋገጠ የሌጎ ቅስት በየትኛውም መደርደሪያ ላይ ለእይታ ሊቀርብ አይችልም፤ ቀርቦ የሚታየው ሁሉ ወይ ያልተፈተነ ነው፣ ወይ ፈተናውን ወድቋል።