ለጭነት ያልተፈጠረ ቲማቲም

ባሌ የስንዴ አገር ነው። ከሲናና እስከ አጋርፋ ኮምባይነር በሚያጓራበት ሜዳ መሀል ስለ ቲማቲም ማውራት፣ ሠርግ ቤት ገብቶ ስለ ጨው መጨቅጨቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ ወጡ ጨው የጎደለው ሠርግ፣ ሙሽራዋ ምንም ብታምር፣ በወጡ ነው የሚታወሰው። ስለ ስንዴው የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ያስብ፤ እኛ ወደ ጓሮ እንግባ። ክርክሬ አጭር ነው። በሮቤና በጎባ ጓሮ ትልቅ ቲማቲም መትከል ድካም ነው፤ የሚያዋጣው ትንሹ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም የማይበልጠው፣ ከተሜው ቼሪ የሚለው ነው። አንደኛ ይጣፍጣል፤ ሁለተኛ ይደርሳል። ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው፤ ባልደረሰ ቲማቲም ጣዕም ላይ መከራከር አይቻልምና።

ገበያ ላይ የምናየው ትልቁ ቲማቲም ለምን ውሃ ውሃ እንደሚል ለመረዳት የመጣበትን መንገድ ማሰብ ይበቃል። ከስምጥ ሸለቆው፣ ከመቂና ከዝዋይ በኩል የሚጫነው ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ተደራርቦ፣ ዶዶላንና አዳባን አቋርጦ፣ የዲንሾን ዳገት ወጥቶ ነው ሮቤ የሚወርደው። ይህን ጉዞ የሚችል ቲማቲም ቆዳው ወፍራም፣ ሥጋው ደንዳና መሆን አለበት፤ ሲለቀምም ገና ሳይቀላ ነው። በዚህ መስፈርት ውስጥ ጣዕም የሚባል ነገር አልተጠቀሰም። ሹፌሩ አይጠይቀውም፣ ሚዛኑ አያነበውም፣ ነጋዴው አይከፈልበትም። ይህ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሮማ ቪኤፍን፣ መልካ ሾላንና መልካ ሳልሳን የመሰሉ ዝርያዎች ገበሬውን የጠቀሙት በምርታቸውና ጉዞ በመቻላቸው ነው፤ ለፋብሪካም ለገበያም የሚፈለገው ይኸው ነው። ግን ከጓሮ እስከ ማድ ቤት ያለው መንገድ ስንት እርምጃ ነውና ነው ለእሱም ጭነት የሚችል ቲማቲም የምንመርጠው?

ትንሹ ይጣፍጣል ማለት የአፍ ወሬ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ክሊ የተመራ ጥናት ወደ 400 የሚጠጉ የቲማቲም ዓይነቶችን መርምሮ፣ ፍሬው እየተለቀ ሲሄድ ስኳሩ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገሩ ምሥጢር የለውም። ስኳር የሚሠራው ቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉ የሚያዋጣው ደግሞ ልክ አለው። ያችኑ መዋጮ በትልቅ ፍሬ ውስጥ ቢያሟሟት ትቀጥናለች፣ በትንሽ ፍሬ ውስጥ ቢያስቀምጣት ትወፍራለች። በፔሩና በኢኳዶር ዛሬም በዱር የሚበቅለው የቲማቲም ቅድመ አያት ፍሬው ከአተር ብዙም አይበልጥም፤ ትልቅነትን የጨመረበት የሰው ልጅ ነው፣ ለራሱ ፍላጎት። በዚያ ላይ ሌላ ጉድ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. በዚያው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፣ አዳቃዮች ፍሬው ሁሉ እኩል እንዲቀላ ብለው ለአሥርት ዓመታት የመረጡት ባሕርይ፣ በጥሬው ፍሬ ትከሻ ላይ የሚታየውን ጥቁር አረንጓዴ አጥፍቶታል። ያ አረንጓዴ ደግሞ ለፍሬው ስኳር የሚያግዝ ነበር። እኩል እንዲቀላ ተብሎ እኩል ፈዘዘ ማለት ነው። የጓሮ ሰው ግን ለመልክ ውድድር አያቀርበውም፤ ትከሻው አረንጓዴ የሆነውን ቢመርጥ የሚታዘበው ጎረቤት ብቻ ነው፣ ጎረቤት ደግሞ ሲቀምስ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ብርዱ። ቲማቲም ደስ የሚለው ቀን ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ የአበባው ብናኝ ይልፈሰፈስና አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ እዚያ ዜና አይደለም። እዚህ ላይ ትንሹ ቲማቲም በሒሳብ ያሸንፋል። ትልቁ በአንድ ዘለላ አራት ወይም አምስት አበባ ያወጣል፤ ቼሪው አሥራ አምስት፣ ሃያ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ። ብርዱ ከሁለቱም ግማሽ ግማሹን ቢያረግፍ፣ የአንደኛው ባለቤት ሁለት ፍሬ ይዞ ይቀራል፣ የሌላው ባለቤት ገና ይቆጥራል። ጊዜም አለ። በሞቃት አገር ትንሹ ከአበባ እስከ መቅላት 6 ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፣ ትልቁ 8 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ሮቤ ላይ ለሁለቱም መጨመር ነው። የባሌ ሰው እንደሚያውቀው ደግሞ ሰማዩ ለቲማቲም ብዙ ቀጠሮ አይሰጥም። በአንድ በኩል ባሌዎች ገና የሚሉት የበልግ ዝናብ፣ በሌላ በኩል ቦና የሚሉት የመኸር ዝናብ፣ ከዚያ ወዲያ ውርጭ። ስንዴን በዓመት ሁለቴ የሚያሳጭደው ይህ በረከት ለቲማቲም መከራ ነው። በጥር በመስኮት ሥር በጣሳ ፈልቶ፣ የካቲት ማለቂያ ላይ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር የተዛወረ ትንሽ ቲማቲም፣ ከሁለቱ ዝናብ መሀል ባለችው ፋታ ላይ ቀይ ፍሬ ይዞ ይደርሳል። ትልቁ ያኔ ገና አረንጓዴ ነው፤ የቦናው ዝናብ እንደዚያው ያገኘዋል።

ዝናቡ ሲያገኘው ምን ይሆናል? በክረምት የድንቹን ቅጠል በአንድ ሳምንት የሚያጠቁረው በሽታ፣ በ1845 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ገብቶ ሕዝብ ያስራበው ያው ፋይቶፍቶራ፣ ቲማቲሙንም ይወዳል። ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸው፤ በሽታቸውም እንደ ዘመድ ይጠያየቃል። ብርድ ያለበት እርጥብ ቅጠል ካገኘ ሌላ አይፈልግም፣ ባሌ ደግሞ በዚህ በኩል እንግዳ ተቀባይ ናት። ስለዚህ ቲማቲሙን ከድንቹ መደብ ማራቅ፣ ከላዩ ላስቲክ መዘርጋትና ጎኑን ለነፋስ ክፍት መተው፣ ውሃውንም ከሥሩ እንጂ ከአናቱ አለማፍሰስ ግድ ነው። ከዝርያም የሚረዳ አለ። ማትስ ዋይልድ ቼሪ የሚባለው፣ ከሜክሲኮ ኢዳልጎ የተገኘው ደቃቃ፣ ይህን በሽታ ከብዙዎቹ በተሻለ ይችለዋል። በ1992 እ.ኤ.አ. ጃፓን ያወጣችው ሳንጎልድ በጣፋጭነቱ ስሙ የገነነ ነው፤ ነገር ግን ዝናብ ሲጠጣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ በየቀኑ የሚለቅም ሰው ይፈልጋል። ጠቆር ያለው ብላክ ቼሪም አለ። አንዱን ብቻ ምረጥ ብሎ የሚሞግተኝ ቢኖር ዲገሉን አስታውሰዋለሁ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ በኋላ ገበሬው ተስፋ የጣለበት ያ የስንዴ ዝርያ፣ ቢጫውን ችሎ በ2013 እ.ኤ.አ. እዚሁ ባሌ ላይ በግንድ ዋግ ተደፋ። ሦስት እግር ቲማቲም የሚተክል ሰው ሦስቱንም ከአንድ ዘር ማድረግ የለበትም።

«ይህ የሆቴል ጌጥ ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ በስንጥር ተሰክቶ ሰላጣ ላይ የሚቀመጥ፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። ለወጥ አይሞላም ነው ነገሩ። መጀመሪያ ወጡ ይለይ። ዶሮ ወጥ ውስጥ ቲማቲም የሚጨምር ሰው ስለ ቲማቲሙ መጠን ከመጠየቁ በፊት የሚጠየቀው ሌላ ነገር አለ። ለፍትፍት፣ ለለብ ለብ፣ ለጾም ስልስ ግን አንድ እፍኝ ትንንሽ ቲማቲም ከሁለት ትልልቅ ውሃ ያነሰ፣ ሽታው የበለጠ ነው፤ ድስቱ ላይ ውሃው እስኪመጥ የሚቃጠለው ከሰልም ይተርፋል። መላጥ አይመችም የሚባለው እውነት ነው፤ አይላጥም፣ ለሁለት ተከፍሎ ይገባል። ለዓመት የሚቀመጥ ሳልሳ ለሚያስብ ግን እሺ ብዬ እለቃለሁ፤ ያ የመርቲ ሥራ ነው፣ የጓሮ አይደለም። ልጆች ከማድ ቤት በፊት ይጨርሱታል የሚለውን አቤቱታ ደግሞ ለእኔ ወገን እንደቀረበ ምስክርነት እቆጥረዋለሁ። ትልቁን ቲማቲም ከግንዱ ላይ ሰርቆ የበላ ልጅ አለ ሲባል ሰምቶ የሚያውቅ ይናገር።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ቲማቲም ፍሪጅ ሲገባ ጣዕሙ እንደሚጠፋ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አረጋግጧል፤ በ5 ዲግሪ ለ7 ቀን የቆየ ቲማቲም ስኳሩና ጎምዛዛነቱ ሳይነካ ሽታውን ያጣል፣ አውጥተው ቢያሞቁትም ያ ሽታ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ታዲያ ሮቤ ራሷ ፍሪጅ አይደለችም ወይ? ጥያቄው ከባድ ነው፣ ከነአካቴውም አላስተባብልም። ፍሪጅ ግን ቀን የለውም። ሮቤ ላይ ረፋዱ ሲሆን ፀሐይ ግድግዳውን ትመታለች፣ ግድግዳው ፍሬውን ያሞቃል፣ ፍሬው ከግንዱ ስላልተለየ ሥራውን ይቀጥላል። ተለቅሞ ጨለማ ውስጥ ሳምንት የተዘጋበት ቲማቲም ጉዳይ ሌላ ነው። ብርዱ በሚበረታበት በኅዳርና በታኅሣሥ የተገኘ ፍሬ ቢኖር፣ መቅላት ሲጀምር ለቅሞ ማድ ቤት፣ ከምድጃው ብዙ ሳይርቅ አስቀምጦ ማቅላት ይሻላል። የሚጎድል ነገር ይኖራል፤ ጎድሎም ግን በሳጥን ከመጣው ይበልጣል። ቤቱ ፍሪጅ ያለው ደግሞ ለሥጋና ለቅቤ ይተወው።

ዘሩስ ከየት ይመጣል? ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሁሉ ዓይኑ ሻንጣ ላይ ነው፤ ዘር ግን የኳራንቲን ሕግ የሚመለከተው ዕቃ ስለሆነ ወረቀቱን ማሟላት ግድ ነው። ከዚያ የሚቀርበው መንገድ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ በፕላስቲክ ሣጥን ከሚሸጠው ቼሪ ዘሩን ማውጣት ነው። ጭማቂውን ከነዘሩ በብርጭቆ ሁለት ሦስት ቀን አቆይቶ፣ አጥቦ፣ ጥላ ላይ ማድረቅ ይበቃል። እዚህ ላይ አዋቂ ነኝ የሚል ብድግ ብሎ «ድቅል ከሆነ ልጁ እናቱን አይመስልም!» ይላል። ልክ ነው፤ አይመስልም። ትልቅ እርሻ ላይ ይህ ኪሳራ ነው፤ ጓሮ ላይ ግን ያለ ክፍያ የመጣ ምርጫ ነው። ከስድስቱ ችግኝ አንዱ ጎምዛዛ፣ አንዱ ዘግይቶ የሚደርስ፣ አንዱ የማይረባ ይሆናል፤ ባለቤቱ የጣፈጠውንና ብርዱን የቻለውን ዘር ይይዛል፣ የቀረውን ይነቅላል። ይህን ዓመት በዓመት የደጋገመ ሰው፣ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ ጃፓን ያልደረሱበት፣ ለሮቤ ግድግዳ ብቻ የሚስማማ ቲማቲም ሊኖረው ይችላል። ስምም ያወጣለታል፤ በአማቱ ስም ከሰየመው ለሁለት ዓመት አይነቀፍም።

የጎባ ሰው «ሮቤ ከቻለች እኛ ምን ያንሰናል? የባሌ ዋና ከተማ እኮ ነበርን!» ማለቱ አይቀርም። ታሪኩ ትክክል ነው፤ ቴርሞሜትሩ ግን ታሪክ አያነብም። በሁለቱ መሀል ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ የከፍታው ልዩነት ደግሞ 250 ሜትር ገደማ፤ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ሲቀንስ ጎባ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ትበርዳለች። ሮቤ ላይ ግድግዳና የላስቲክ ጣሪያ የሚበቃው ትንሽ ቲማቲም፣ ጎባ ላይ ዙሪያውን በላስቲክ ተሸፍኖ ቀን የሚከፈትለት ሌሊት የሚዘጋለት ሰው ይሻል። ትልቁን ጎባ ላይ መትከል ግን ቅጠል ለማየት ካልሆነ አይመከርም። ክርክሬ የሚያበቃው ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ዲንሾ ላይ ነው። እዚያ ውርጩን ቢሸነግሉት እንኳ ከርከሮው አለ፣ የደጋ አጋዘኑ አለ፤ ላባርር ቢሉ ደግሞ የባሌ ተራሮች ፓርክን የዓለም ቅርስ ያደረገው ዩኔስኮ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእነሱ ጎን ቆሟል። የዲንሾ ሰው ገብሱንና ድንቹን ይያዝ፤ ቲማቲም ሲያምረው ወደ ሮቤ የሚወርድ መኪና አያጣም።