ባዶ የተባለው መሬት

ከነጌሌ ቦረና አጠገብ በተዘረጋው የሊበን ሜዳ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትኖራለች። ዛፍ አትሻም፤ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ፣ ሣር ሥር ነው። አጥኚዎች እዚያ ያገኟት እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ከሊበን ሌላ ዛሬ የምትታወቀው በጅጅጋ ሜዳ ነው። ከብቱ ሲበዛ ሣሩ አጠረ፤ በአንድ በኩል ማረሻ፣ በሌላ በኩል እሾሃማ ቁጥቋጦ ሜዳውን አጠበቡት። ወፊቱም ከምድር ገጽ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አእዋፍ አንዷ ሆነች።

አንድ የድርቅ ዓመት፣ «ቦሌ ለሄደ ቦታ አይጠፋም» ሲባል ሰማችና ወደ ሰሜን፣ ወደ አዲስ አበባ በረረች። ጎሮን አልፋ ቦሌ አራብሳ ስትደርስ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ማዶ በቆርቆሮ የታጠረ ሣራማ ቦታ አገኘች። ደረቅ ሣር ለቅማ ጎጆዋን ሠራች፤ እንቁላሏንም ጣለች።

የዚያ አገር ወፎች ዳኛ ጭላት ነበር። መሬት የሚያድለውም እሱ ነው። አንድ ቀን ከላይ ሆኖ ዞር ዞር አለና፣ «ባዶ ነው፤ ይመዝገብ» አለ። ቁራ መዘገበ። በማግስቱ ችካል ተተከለ።

ወፊቱ እየሮጠች መጣች። «ጌታዬ፣ እዚህ ቤት አለኝ።»

«የት? ዛፍ ላይ ነው ወይስ ጣሪያ ላይ?»

«ሣር ሥር ነው።»

«ታዲያ እኔ ለምን አላየሁትም?»

«እንዳይታይ አድርጌ ነዋ የሠራሁት! የሚታይ ቢሆንማ ልጆቼ በእርስዎ ጥፍር ባለቁ ነበር።»

ወፎቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። ያኔ አጥሩ ጥግ ያመሰኳ የነበረ አንድ ሽማግሌ በሬ ቀና አለ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ባንቺ አልተጀመረም። እኔ እዚህ ጤፍ አርሻለሁ። አውድማው እዚያ ነበር፤ ምንጩም ከታች። ባላገሩ የትኛው ማሳ ውኃ እንደሚተኛበት፣ የትኛው ድንጋይ ወሰን እንደሆነ በቃሉ ያውቅ ነበር። ከላይ ላየው ግን ቤት ያልተሠራበት ሁሉ ባዶ ነው። ዳኛችን፣ እስቲ ይውረዱና በእግርዎ ይሂዱ።»

ጭላት በእግር መሄድ አልለመደም። ሣሩ ክንፉን እየያዘው ጥቂት ተራመደ። ሦስተኛውን እርምጃ ሊያሳርፍ ሲል ከጥፍሩ ሥር ነጠብጣብ ያለባቸው እንቁላሎች ታዩት። እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ዙሪያውን ሲመለከትም የጉንዳን መንገድ፣ የአይጥ ጉድጓድ፣ የድርጭት ላባ አየ።

«ቁራ፣ መዝገቡን ሰርዝ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ በእግር ሳይታይና በዚያ የሚኖር ሳይጠየቅ፣ ባዶ ተብሎ የሚመዘገብ መሬት አይኖርም።»

ችካሉ ተነቀለ፤ ጫጩቶቹም አድገው በረሩ። በዚያው ሰሞን የሊበን ሽማግሌዎች ተመካክረው ካሎ ከለሉ፤ ከብት ለጊዜው እንዳይገባበት አድርገው ሣሩ እንዲያገግም ተዉት የሚል ወሬ መጣ። ወፊቱም ልጆቿን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ከተማ ማደጉ አይቀርም፤ ቤት የሚፈልገውም ብዙ ነው። ነገር ግን ድምፁ የማይሰማ፣ ጣሪያው የማይታይ ሁሉ እንደሌለ ከተቆጠረ፣ ልማቱ የአንዱን ቤት ለመሥራት የሌላውን ማፍረስ ይሆናል። መሬት የሚያድል ሰው አስቀድሞ ከፍታውን ይተው፤ ወርዶ በእግሩ ይሂድ፤ ነዋሪውንም ይጠይቅ።