ባለጉዳይና ጠበቃው፦ በአርባ ምንጭ ከሴቻ እስከ ሲቀላ የተካሄደ ጥናት

የጫሞ ሐይቅ አዞ ተጠንቷል። የነጭ ሳር ፓርክ የሜዳ አህያም ተጠንቷል። ከፍርድ ቤት ግቢ የማይጠፋው ባለጉዳይ ግን ፌስታል ሙሉ ወረቀት ታቅፎ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ሲውል ዞር ብሎ ያየው ተመራማሪ የለም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ለመሙላት የተነሳ ነው።

ከጠበቃ አመራረጡ እንጀምር። ባለጉዳያችን የድንበር ክርክሩን ይዞ ሁለት ጠበቆች ዘንድ ይሄዳል። አንደኛው ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ «ይሄማ ያለቀ ጉዳይ ነው» ይለዋል። ሁለተኛው «ካርታውንና ውሉን ያምጡና ልያቸው፤ መሬቱን ከመቼ ጀምሮ ነው የያዙት? ጎረቤትዎስ ምን ይላል?» እያለ ይጠይቀዋል። ባለጉዳያችን የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ለምን እንደተወው ሲያስረዳ፦ «እሱማ ምንም አያውቅም፤ እኔኑ ይጠይቀኛል!»

ሌሎች መስፈርቶችም አሉ። ድምፁ ከችሎት በር ውጭ ይሰማል ወይ? የሰፈራችን ልጅ ነው ወይ? ዳኛውን ያውቃቸዋል ወይ? (ይህኛው በሹክሹክታ ነው የሚጠየቀው።) ፈቃዱን ልይ ያለ ግን አላጋጠመንም። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ያለ ፈቃድ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥብቅና መቆምን ይከለክላል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን ፈቃድ ይሰጣሉ። ሲቀላ ገበያ ሙዝ ሲገዛ ዘለላውን እያገላበጠ ሻጯን የሚያስመርር ሰው፣ የመሬቱን ነገር የሚያስረክበውን ሰው «ፈቃድ አለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለዋል።

ዋናው ግኝታችን ምስጢር አጠባበቅን ይመለከታል። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ባለጉዳያችን ይህን ግዴታ ሊያቃልልለት ብሎ ምስጢሩን ከራሱ ከጠበቃው ይደብቃል። ነገሩን የባጃጅ ሹፌሩ ያውቀዋል፤ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ታውቀዋለች፤ ተከሳሹማ አብሮ ስለፈረመ ከሁሉም አብልጦ ያውቀዋል። የክርክሩ ቀን ተከሳሹ አንዲት ቢጫ ወረቀት መዘዝ ያደርጋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ፊርማ የእርስዎ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ግማሹን ሽጬለት ነበር። ድሮ ነው እኮ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ጉዳያችንን የሚያበላሽ ነገር ምን ብዬ ልንገርህ?»

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ማስረጃ ከክሱ ጋር ተዘርዝሮ እንዲቀርብ ያዛል፤ ባለጉዳያችን ግን የሚዘረዝረው የሚበጀውን ብቻ ነው። ስለ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ብዙ አንልም፤ መዝገቡ ሳይቀርብ ወይም ዳኛው ስብሰባ ገብተው የሚያልፈውን ቀን አንባቢ ራሱ ያውቀዋል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው የአበው ስሌት ግን እዚህ ተፈትኖ ሠርቷል፦ ለሁለት ክንድ ድንበር ክርክር ወጪ ሲባል የሙዝ ማሳው ተሸጧል።

ይኸው ሰው ዱቡሻ ሲጠራ ሌላ ሰው ይሆናል። ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች ነገር የሚሰሙበት አደባባይ ነው። እዚያ እውነትን መሸሸግ ጎሜ ነው፤ ጎሜ ደግሞ በቤተሰብም በከብትም በማሳም ላይ መዓት ያመጣል ተብሎ ይታመናል። ባለጉዳያችን ከጠበቃው የደበቃትን ወረቀት እዚያ ማንም ሳይጠይቀው ያወጣታል። ጠበቃን መዋሸት ጎሜ መሆኑን የነገረው የለማ! የሽማግሌዎቹን አቅም የሚጠራጠር ካለ መስከረም 2011ን ያስታውስ፦ በቡራዩ ከተማ በጋሞ ተወላጆች ላይ በተፈጸመው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲነሱ፣ ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሳር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩና መለሷቸው። የክስ ማመልከቻ አልተጻፈም፤ ተለዋጭ ቀጠሮም አልተሰጠም።

ሆኖም ችሎት የሚፈልግ ጉዳይ ችሎት መሄዱ አይቀርም። ለጠበቃ የሚከፍለው ላጣ ሰው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጠዋል። እዚያም ቢሆን ወረቀት መጠየቅዎ አይቀርምና ሁሉንም ይዘው ይሂዱ፤ ቢጫዋንም ጭምር።