ጨጓራና እግር በፈረቃ

ማቅለሽለሽ፣ ማለትም የበሉት ሁሉ ሊመለስ እየቃጣው ጉሮሮን የሚተናነቅበት ሁኔታ፣ በተለምዶ የበሽተኛ፣ የነፍሰ ጡርና በጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው ዕጣ ተደርጎ ቢቆጠርም፣ በጂንካ ከተማ ግን ፀሐይ ሳትወጣ ቱታውን ለብሶ ወደ ሜዳ የሚወርደውን ፍጹም ጤነኛ ሰው ጭምር የሚያንበረክክ የማለዳ ፈተና ነው። ሜዳው በከተማዋ መሐል የተዘረጋው፣ አዲሱ ኤርፖርት ሳይሠራ በፊት አውሮፕላን ያርፍበት የነበረው የሣር መንደርደሪያ ነው። ቦታው ለመንደርደርና ለመነሣት ታስቦ የተዘጋጀ ስለሆነ ይመስላል፣ በላዩ የሚሮጠው ስፖርተኛ የመጀመሪያውን ዙር እንደ አውሮፕላን ይንደረደራል፤ በሦስተኛው ዙር ግን ወደ ላይ ሲነሣ የሚታየው ሰውዬው ሳይሆን የትናንት እራቱ ነው።

የነገሩ ሥር ያለው በደም አከፋፈል ላይ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ ልብ በየደቂቃው 5 ሊትር ገደማ ደም የምትረጭ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሩብ ያህሉ ወደ ጨጓራ፣ ወደ አንጀት፣ ወደ ጉበትና ወደ ሌሎቹ የሆድ ዕቃ ክፍሎች ይሄዳል። ሰውየው በኃይል መሮጥ በጀመረ ጊዜ ግን እግሮቹ ደም ይጠይቃሉ፣ ቆዳውም ሙቀቱን ለማስወጣት የበኩሉን ድርሻ ይሻል፤ ስለዚህ አድሬናሊን የተባለው የአደጋ ጊዜ ንጥረ ነገር ትእዛዝ ያስተላልፍና ወደ ሆድ የሚወስዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ በብርቱ ልፋት ላይ የሆድ ዕቃ የደም ድርሻም እስከ 80 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ የኖረ አንባቢ ይህን ለመረዳት የሕክምና ትምህርት አያሻውም፤ የታችኛው ሰፈር ቧንቧ ሲከፈት የላይኛው ሰፈር ባልዲውን ይዞ ይጠብቃል፣ በሰውነት ውስጥ ግን የታችኛው ሰፈር እግር፣ ባልዲ ይዞ የሚጠብቀው ደግሞ ጨጓራ ነው። ጨጓራ በባሕርይው ትዕግሥተኛ ነው፤ ሆኖም ምግብ ተሸክሞ ደም ሲነፈግ ሥራውን ያቆማል፣ ልፋቱ ሰውነት በአንድ ጊዜ ሊጠቀምበት ከሚችለው የኦክስጅን ጣሪያ 70 በመቶ ገደማ ሲያልፍም የያዘውን ወደ አንጀት ማሳለፉ ይዘገያል፤ በመጨረሻም ቫገስ በተባለው፣ ሆድን ከአንጎል ጋር በሚያገናኘው ረጅም ነርቭ በኩል አቤቱታውን ይልካል። የአንጎል ግንድ ላይ የተቀመጠው የትውከት ማዕከል ደግሞ አቤቱታው ከተመረዘ ሰው ይምጣ ከሚሮጥ የቢሮ ሠራተኛ ለይቶ የማጣራት ልማድ ስለሌለው፣ ውሳኔው ለሁለቱም አንድ ነው።

ማለዳ ይህን ሁሉ የሚያባብሰው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሌሊቱን ማሰብ ይበቃል። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ለሰባትና ለስምንት ሰዓት ውኃ ሳይጠጣ በትንፋሹና በላቡ ፈሳሽ ሲያጣ ያድራል፤ ጉበቱም የደሙን ስኳር ሚዛን ለመጠበቅ ሲል በጎተራው ካከማቸው ስኳር ብዙውን ሲያወጣ ያነጋል። ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳ የሚደርሰው ሰውነት የተጠማ፣ የስኳር ክምችቱ ያነሰና ጡንቻው ያልተፍታታ ነው። በዚህ ላይ የቢሮ መግቢያ ሰዓት እየቀረበ ስለሚሄድ፣ ዘግይቶ የተነሣው ስፖርተኛ ማሟሟቂያውን፣ ይኸውም ልብንና የደም ሥሮችን ለሥራ ቀስ በቀስ የሚያዘጋጀውን እንቅስቃሴ፣ ይዘልለውና በቀጥታ ወደ ፈጣን ሩጫ ይገባል፤ ያተረፋት አሥር ደቂቃም አጎንብሶ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ሣሩን በጥሞና በመመርመር ታልፋለች።

ስለ ሆድና ስለ ልፋት ለሚያጠና ሰው ጂንካ ከምትገኝበት ከደቡብ ኦሞ የተሻለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። በሰላማጎ ወረዳ የሚኖሩት፣ ከሜኤን ሕዝብ የሚመደቡት ቦዲዎች ካኤል የሚባል የአዲስ ዓመት በዓል አላቸው፤ በዓሉ በሰኔ ወይም በሐምሌ የሚውል ሲሆን፣ ለክብሩ የታጩት ወጣት ወንዶች ከዚያ በፊት ለወራት ከሥራና ከሴት ተለይተው፣ ቤት ተቀምጠው፣ ወተትና ትኩስ የከብት ደም እየጠጡ ሆዳቸውን ያገዝፋሉ። ደሙ የሚገኘው ከብቱ ታርዶ ሳይሆን ከደም ሥሩ ተቀድቶ ነው፤ ቁስሉም በጭቃ ይደፈናል። ደም ከሥር ከወጣ በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚረጋ በመሆኑ ጠጪው ቅሉን በአንድ ትንፋሽ ሊያጋምሰው ግድ ነው፤ የተዋጠ ደም ደግሞ በራሱ ጨጓራን የሚያስቆጣ ነገር ስለሆነ (ነስር የዋጠ ሕፃን ለምን እንደሚያስመልሰው ይህ ያስረዳል) ከጠጪዎቹ አንዳንዶቹ ሳይወዱ መልሰው ያወጡታል። በበዓሉ ዕለት ሰውነታቸውን በጭቃና በአመድ ተቀብተው ወደ አደባባይ ይወጣሉ፣ በዛፍ ዙሪያም በፀሐይ ለሰዓታት ይዞራሉ፤ ሴቶች ላባቸውን እየጠረጉ ያበረታቷቸዋል፣ በውፍረቱ የተመረጠውም ሰው ስሙ በሕዝቡ ዘንድ ሲወሳ ይኖራል። ከሩቅ አገር ካሜራ አንጠልጥሎ የሚመጣው ጎብኚ ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በሆዱ ስፋት ላይ ብቻ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን እርምጃቸው ነው። ያን ያህል ሆዱ የሞላ ሰው ይራመዳል እንጂ አይሮጥም፤ በእርጋታ፣ በክብርና በዝግታ ይዞራል። የቦዲ ሽማግሌዎች ስለ ሆድ ዕቃ የደም ዝውውር የጻፉት መጽሐፍ ባይኖርም፣ የሞላ ሆድና ፈጣን እግር በአንድ ሰው ላይ እንዳይገናኙ ሥርዓታቸው ጠንቅቆ ይጠብቃል።

ከኦሞ ወንዝ ማዶ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ጥበብ ይገኛል። በደቡብ ኦሞ ከሚኖሩት ሙርሲዎች ጋር በቋንቋ የሚቀራረቡት ሱሪዎች፣ ወጣቶቻቸው ዶንጋ በሚባለው ረጅም ዱላ ከመጋጠማቸው በፊት፣ ከዛፍ ቅርፊት የተዘጋጀ መራራ መጠጥ ከብዙ ውኃ ጋር እየጠጡ ሆን ብለው የሚያስመልሱበት ልማድ አላቸው፤ ዓላማውም ሰውነትን ማጽዳትና ለግጥሚያው ማቅለል ነው። ሕክምና ይህን አይመክርም፤ ትውከት ውኃና ጨው ያሳጣል፣ የጨጓራ አሲድም ጥርስን ይበላልና። ከቅደም ተከተሉ አንጻር ሲታይ ግን የሱሪው ወጣት ከጂንካው ሯጭ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ እሱ ትውከቱን ከግጥሚያው በፊት ጨርሶ ይመጣል፣ የከተማው ሰው ግን በግጥሚያው መካከል፣ ያውም በተመልካች ፊት ያደርገዋል። እንግዲህ ቦዲው ሞልቶ ይራመዳል፣ ሱሪው ባዶ አድርጎ ይጋጠማል፤ ሞልቶ መጋጠም የሚሻው በከተማ የሚኖረውና የተማረው ወገን ብቻ ነው።

ይህ ወገን በብዙ ዓይነት ይከፈላል። ቀዳሚው ማታ በጥሬ ሥጋና በጠጅ ሳምንቱን ሸኝቶ፣ በማግስቱ ማለዳ ኃጢአቱን በላብ ለማስተሰረይ የሚነሣው ነው፤ ስብ ከምግብ ሁሉ ዘግይቶ ከጨጓራ የሚወጣ በመሆኑና አልኮልም ሰውነትን ስለሚያደርቅ፣ ይህ ሰው ሜዳውን የሚዞረው የትናንቱን ግብዣ ከነታዳሚዎቹ ተሸክሞ ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ጤና ጠባቂ ነኝ ባይ ሲሆን፣ የጂንካ ገበያ በፍሬ የታደለ መሆኑን ተማምኖ ከሩጫው ሩብ ሰዓት አስቀድሞ ወፍራም የአቮካዶ ጭማቂ ይጠጣል፤ አቮካዶ የተባረከ ፍሬ ቢሆንም ቅባታም ስለሆነ በዚያ ሰዓት ከቅቤ ብዙም አይለይም። ሦስተኛው በባዶ ሆዱ ሁለት ስኒ ወፍራም ቡና ገልብጦ የሚወጣው ነው፤ ቡና ለአንዳንዱ ሯጭ ጉልበት መስጠቱ የታወቀ ሲሆን፣ የጨጓራን አሲድ ስለሚያነቃቃ የጨጓራ ሕመም ላለበት ሰው ግን ጠብ መጫር ነው። በዚሁ በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት የሐመር ሰዎች ማለዳ የሚጠጡት ሾፎሮ ግን ከቡናው ፍሬ ሳይሆን ከገለባው የሚፈላ ቀለል ያለ መጠጥ ነው፣ እሱንም የሚጠጡት ቁጭ ብለው፣ በትልቅ ቅል፣ ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር እያወጉ ነው፤ ቅሉን አስቀምጦ በዚያው ቅጽበት መቶ ሜትር በሩጫ የሚፈተለክ ሽማግሌ አይታይም። የመጨረሻው ዓይነት መጠማቱ ትዝ የሚለው ሜዳው ዳር ሲደርስ ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ጊዜ አንደቅድቆ መሮጥ ይጀምራል፣ በሆዱ ውስጥ የሚንቦጫረቀውም ውኃ ከአጠገቡ ለሚሮጠው ሰው ጭምር ይሰማል።

የኢትዮጵያ ስመ ጥር ሯጮች ማለዳ ምን እንደሚያደርጉ የሚጠይቅ ካለ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የ10 ምርጥ የረጅም ርቀት ሯጮችን አመጋገብ መዝኖ ነበር፤ ከሚያገኙት ኃይል 64 በመቶ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት፣ ማለትም እንጀራን፣ ዳቦንና ፓስታን ከመሰሉ ኃይል ሰጪ ምግቦች የሚመጣ ሲሆን፣ ከልምምድ በፊትም ሆነ በልምምድ መካከል ምንም እንደማይጠጡ ተመዝግቧል። ይህን ያነበበ ጀማሪ ወዲያው ውኃውን ደፍቶ እንደ አትሌት ሊሮጥ ቢነሣ ግን ፍሬውን ትቶ ገለባውን መያዙ ነው፤ አትሌቱ ጨጓራውን ጭምር ለዓመታት ያሠለጠነ ሰው ነው፣ ከዚህም በላይ በእንጦጦ ጫካ ልምምዱን ሲጀምር የሚሮጠው አላፊ አግዳሚ ሊቀድመው በሚችል ዝግታ ነው። ጀማሪው ከአትሌቱ ሊወርስ የሚገባው ያንን ዝግታ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርሰው ግን የጫማውን ዓይነት ነው።

ስለዚህ ፈረቃውን ማክበር ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ያን ያህል የረቀቀ አይደለም። ከባድ እራት ቢያንስ ከመኝታ በፊት ሁለትና ሦስት ሰዓት ቀድሞ ቢያልቅ፣ ሌሊቱ ለጨጓራ ይበቃዋል። ማለዳ በባዶ ሆድ የሚያጥወለውለው ሰው ከሩጫው ግማሽ ወይም አንድ ሰዓት በፊት አንድ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ቢቀምስ የደሙ ስኳር ይስተካከላል፤ ሙዝ በጂንካ ገበያ ሞልቶ ስለተረፈ በዚህ ረገድ ሰበብ አይገኝም። በሶ ጥንታዊና የተከበረ ስንቅ ቢሆንም የገብሱ አሠር በቶሎ ስለማይፈጭ ከልፋት በኋላ ቢጠጣ ይሻላል። ውኃ ከእንቅልፍ እንደነቁ አንድ ብርጭቆ፣ ከዚያም ጥቂት በጥቂቱ ይበቃል። ማሟሟቂያው አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጅ፤ ፍጥነቱም ሯጩ ከጓደኛው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊነጋገር ከሚችልበት ደረጃ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከፍ ይበል። ፑሽ አፕና ክብደት የሚሠራ ሰው ትንፋሹን አምቆ መያዙን ይተው፤ የታመቀ ትንፋሽ የሆድን ግፊት ጨምሮ የጨጓራን ይዞታ ወደ ላይ ይገፋልና። ማጥወልወሉ ከጀመረም ቀጥ ብሎ መቆም ወይም ሣር ላይ መዘርጋት አይበጅም፣ ምክንያቱም እግር በድንገት ሲቆም ደም ወደ ታች ተከማችቶ ራስን ያዞራል፤ ፍጥነትን ወደ እርምጃ ማውረድና ትንፋሽ እስኪመለስ መራመድ ይሻላል። ጿሚ የሆነ ሰው፣ ሌሊቱን ሳይጠጣ አድሮ ቀኑንም ሳይጠጣ የሚውል ከሆነ፣ ከባዱን ልምምድ ከማፍጠሪያው ሰዓት በኋላ ቢያደርገው ከሃይማኖቱም ከሆዱም ጋር ይስማማል።

በከተሞቻችን የተለመደው የጋራ ማስ ስፖርት በዚህ በኩል ሳይታሰብ መድኃኒት ሆኖ ተገኝቷል። ከፊት የሚሮጡት ኃላፊዎች ስለሆኑና ኃላፊን ቀድሞ መሮጥ በቢሮ ሕይወት ውስጥ ስለማይደፈር፣ የሕዝቡ ፍጥነት ከኃላፊው ዕድሜና ቦርጭ ጋር ይስተካከላል፤ ቦርጩ ሰፊ በሆነ መጠን ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። አደጋ የሚመጣው የተሾመው ኃላፊ ቀጭንና ወጣት የሆነ ዕለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ቀልድ ውጪ የሚቀመጥ አንድ ጉዳይ አለ። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ማለዳዋ ለሯጭ የተመቸ ሲሆን፣ ወደ ማጎና ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወረድ ግን ሙቀቱ ይበረታል፣ በሙቀት ውስጥ የሚመጣ ማቅለሽለሽ ከራስ ምታትና ከመደናገር ጋር ከተደመረ ጥላና ውኃ፣ ፈጥኖም ሕክምና የሚሻ አደጋ ነው። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ደም የቀላቀለ ትውከትም እንደዚሁ ነው። በቆላ ወረዳ ለመስክ ሥራ ሰንብቶ የተመለሰ ሠራተኛ ማለዳ ቢያቅለሸልሸው፣ ብርድ ብርድም ቢለው፣ ይህ የጨጓራና የእግር ክርክር ላይሆን ይችላል፤ ወባ በአካባቢው ያለ በሽታ ነው። እንዲህ ያለው ሰው እልህ ይዞት ተጨማሪ ዙር አይሩጥ፤ ከነቱታው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድና ደሙን ያስመርምር።